ከናይሮቢ ብቻቸውን የተመለሱት ግብ አግቢ፦ የአቶ ሞሲሳ በዳሳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሞሲሳ በዳሳ ከአባታቸው ከአቶ በዳሳ ጉደታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደሪቱ ቶላ ሚያዝያ 12 ቀን 1946 ዓ.ም. ገርጂ ተወለዱ። ያን ጊዜ ገርጂ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት የገበሬ መንደር ነበር። ለወላጆቻቸው ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ናቸው። የመጀመሪያዋ ልጅ በአሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጧቸው ወይዘሮ አሰጋሽ በዳሳ ሲሆኑ፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የወይዘሮ አሰጋሽ የበኩር ልጅ አፀደ አያሌው ናት።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ቦሌ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ኳስ የለመዱትም እዚያ ነው። አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራ ከአጥሩ ወዲህ የቀረው ሣር የተማሪዎች መጫወቻ ሆኖ ነበር። አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ሲል ተጫዋቹ ሁሉ ጨዋታውን ትቶ ቀና ይላል። ሞሲሳ ግን ቀና አይሉም፤ በዚያ መሐል ኳሷን ቀስ አድርገው አስገብተው ይጠብቃሉ። ይህንን የክፍል ጓደኞቻቸው እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወሩታል።

ታኅሣሥ 1960 ዓ.ም. አባታቸው በድንገተኛ ሕመም አረፉ። ወይዘሮ ደሪቱ ማሳውን ለመያዝ ገርጂ ሲቀሩ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ሞሲሳ ሾላ ገበያ አጠገብ ወደሚገኘው የእህታቸው ቤት መጡ። የእህታቸው ባለቤት አቶ አያሌው ቢተው ከጎጃም መጥተው በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የሚሠሩ ሰው ናቸው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነበር። አቶ አያሌው በመጀመሪያው ሳምንት ሞሲሳን ትምህርት ቤት አስመዘገቧቸው፤ ማታ ማታ ደብተራቸውን ራሳቸው ያዩ ነበር። ከዓመታት በኋላ ቤቱ በስድስት ልጆች ሲሞላም፣ ሰው "ስንት ልጅ አለህ?" ብሎ ሲጠይቃቸው አቶ አያሌው የሚመልሱት "ሰባት" ብለው ነው። አንድም ቀን "የሚስቴ ወንድም" ሲሉ አልሰማንም።

አቶ አያሌው ለኳስ ግን ፍቅር አልነበራቸውም። "ኳስ እንጀራ አይሆንም" ይሉ ነበር። ሞሲሳም አይከራከሩም፤ ጫማቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ከበሩ ውጭ አስቀምጠው ይገባሉ።

በ1964 ዓ.ም. ጮራ ቆዳ ፋብሪካ በቀን ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ሥራቸው የታጠበ ቆዳ እየወጠሩ ለማድረቅ መስቀል ነበር። የማታ ትምህርት እየተማሩም አሥረኛ ክፍልን አጠናቀቁ። ፋብሪካው የእግር ኳስ ቡድን ነበረው፤ አሰልጣኙ አቶ አብዱልገኒ ሡልጣን ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ። አቶ አብዱልገኒ በምሳ ሰዓት ሠራተኞች በግቢው ሲጫወቱ አይተው ሞሲሳን መረጡ። ሌሎቹ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይሮጥም" ቢሏቸው፣ "አዎ፣ አይሮጥም። ኳሷ ስትወድቅ ግን እዚያው ቆሞ ታገኘዋለች" አሏቸው።

እንደተባለውም ነበሩ። ሞሲሳ ፈጣን ተጫዋች አልነበሩም፤ ተጫዋች አታልሎ የማለፍ ልማድም አልነበራቸውም። ብዙ ሰው በሚተራመስበት የግብ ክልል ውስጥ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ተከላካዩ ይረሳቸዋል፤ ከዚያ ግራ እግራቸው አንድ ጊዜ ብቻ ይነካል። ካገቡ በኋላ አይጨፍሩም። ዞር ብለው ኳሷን ያቀበላቸውን ሰው ፈልገው ይጨብጣሉ። የመጀመሪያ ግባቸውን ለዋናው ቡድን ያስቆጠሩት በ1966 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት ግብ እንዳገቡ አቶ አብዱልገኒ በደብተራቸው መዝግበዋል።

በ1968 ዓ.ም. አቶ ገብረእዝጊ ተስፋይ በማሽን ጥገና ሠራተኛነት ፋብሪካው ገቡና በግራ ክንፍ መጫወት ጀመሩ። አቶ ገብረእዝጊ ሕፃን ሳሉ ከእናታቸው ጋር ከእንደርታ መጥተው ሾላ ያደጉ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ብርኽቲ ሐጎስ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ይነግዳሉ። ሁለቱ ተጫዋቾች በአንድ ዓመት ውስጥ የማይለያዩ ወዳጆች ሆኑ። አንዱ ከክንፍ ያሻግራል፣ ሌላው ያገባል። ከልምምድ በኋላ ወይዘሮ ብርኽቲ ቤት ይገባሉ፤ እሳቸውም እንግዳ ሰው የትኛው ልጃቸው እንደሆነ ለማወቅ እስኪቸገር ድረስ ሳይለዩ ያጎርሷቸው ነበር።

የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ዘመን በዚህ የተቀመጠ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ከጮራ ቡድን ሁለት ወጣቶች ከቤታቸው ተወስደው አልተመለሱም። ውድድሩ ተቋርጦ እንደገና ሲጀመር ሞሲሳ መጫወት እንደማይፈልጉ ለአቶ አብዱልገኒ ነግረዋቸው ነበር። አቶ አብዱልገኒም "ቤት ብትቀመጥ፣ ለምን ተቀመጥክ ብለው ይመጣሉ" አሏቸው። ተመልሰው ገቡ። በዚያው ዘመን የአቶ ገብረእዝጊ ታላቅ ወንድም ወደ ሰሜን ሄደው በረሃ መግባታቸው ተሰማ። ከዚያ በኋላ አቶ ገብረእዝጊ በፋብሪካው ካድሬ ቢሮ ሁለት ጊዜ ተጠርተው ተጠየቁ።

በ1971፣ በ1972 እና በ1973 ዓ.ም. በተከታታይ አቶ ሞሲሳ የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኑ። ከሁሉ የሚታወሰው የ1972ቱ የዋንጫ ጨዋታ ነው። ዝናብ ነበር፤ ጮራ ሁለት ለአንድ እየተመራ አሥር ደቂቃ ያህል ቀርቶት ነበር። ሞሲሳ አንዱን በግራ እግራቸው፣ ሁለተኛውን አቶ ገብረእዝጊ ካሻገሩት ኳስ በቴስታ አስቆጠሩ። በሁለተኛው የተከላካዩ ክርን አግኝቷቸው አንድ የፊት ጥርሳቸው ተሰበረ። በዚያ ቀን አቶ አያሌው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየም ገብተው ነበር። ከመሥሪያ ቤት በቀጥታ ስለመጡ ከረባታቸውን አልፈቱም። ሞሲሳ አፋቸው እየደማ ወደ እሳቸው ሲመጡ "ጥርስህን ደግሞ ምን አደረግከው?" አሉና አለቀሱ። ለሽልማት የተሰጠው ሬዲዮ እስከ ዛሬ ቤታችን ይገኛል።

በዚያው ዓመት በፋብሪካው ስፌት ክፍል ከሚሠሩት ከወይዘሮ ተናኜ ዓለምሰገድ ጋር ተጫጩ።

በ1974 ዓ.ም. ጮራ ናይሮቢ ላይ በሚደረግ የወዳጅነት ውድድር እንዲካፈል ተጋበዘ። ያን ጊዜ ከአገር የሚወጣ ሰው ዋስ ማቅረብ ግዴታው ነበር። ወረቀቱ ተጓዡ ሳይመለስ ቢቀር ዋሱ በእሱ ምትክ በሕግ እንደሚጠየቅ ይናገራል፤ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ የታሰሩ ዋሶችን ያየ ሁሉ ያውቃል። ለሞሲሳ አቶ አያሌው ፈረሙላቸው። መነጽራቸውን እንኳን አላደረጉም። ሞሲሳ "ጋሼ፣ አያነቡትም?" ሲሏቸው "ምኑን አነባለሁ? አንተን አውቅሃለሁ" አሏቸው።

ለአቶ ገብረእዝጊ ግን የሚፈርም ሰው ጠፋ። ወንድሙ በረሃ ለገባ ሰው ዋስ መሆንን ሁሉም ፈራ፤ የሚፈረድበትም አልነበረም። ሞሲሳ ካድሬው ቢሮ ገብተው ያለ ገብረእዝጊ እንደማይሄዱ ተናገሩ። ካድሬውም "እንግዲያው ጓድ ሞሲሳ፣ አንተው ፈርምለት" አሏቸው። ፈረሙ። እንዲህ ሆኖ አቶ አያሌው ለሞሲሳ፣ ሞሲሳ ለገብረእዝጊ ዋስ ሆነው ቡድኑ ግንቦት 23 ቀን ተጓዘ።

ናይሮቢ የሆነውን ቤተሰባችን የሰማው በዚህ ክረምት ነው። ሞሲሳ በታመሙበት አልጋ ላይ ሆነው ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

የመጨረሻው ጨዋታ እሑድ ከሰዓት በፊት አለቀ። ሞሲሳ ሁለት አግብተው ነበር። ከምሳ በኋላ ከአቶ ገብረእዝጊ ጋር ለተናኜ ሻርብ ለመግዛት ወጡ። ሻርቡን ከገዙ በኋላ አቶ ገብረእዝጊ በመንገዱ ዳር ቆሙና "ሞሲሳ፣ እኔ አልመለስም" አሉ።

ሞሲሳ ቀና ብለው አዩዋቸው።

"ከመጣን በኋላ ነው የወሰንኩት። ስንሄድ አላሰብኩትም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ሦስተኛ ጊዜ ከጠሩኝ አልወጣም። አንተም ቅር። አብረን እንቅር።"

"ጋሽ አያሌው ፈርሞልኛል።"

"አውቃለሁ።"

"ሰው ስንት ልጅ አለህ ሲለው ሰባት ነው የሚለው። አንደኛው እኔ ነኝ።"

ከዚያ በኋላ ብዙ እንዳልተነጋገሩ ነገሩን። ለገብረእዝጊ የፈረሙት ራሳቸው መሆናቸውን ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ አላነሡትም። ናይሮቢ በዚያ ወር ይበርዳል። ሞሲሳ ኮታቸውን አውልቀው ለወዳጃቸው አለበሷቸው። "እናቴን አደራ" አሉ አቶ ገብረእዝጊ። በማግስቱ ቁርስ ላይ አቶ ገብረእዝጊ አልነበሩም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ "አልፈሩም ነበር?" ብላ ጠይቃቸዋለች። "ይጠይቁኛል ብዬ ነበር" አሏት። "ይመቱኛል ብዬ ግን አላሰብኩም። በዓመት ሃያ ስድስት ግብ ያገባላቸውን ሰው ምን ያደርጉታል ብዬ ነበር።" ይህንን ሲሉ ፈገግ ብለዋል።

ሰኔ 3 ቀን 1974 ዓ.ም. አውሮፕላኑ ቦሌ ሲያርፍ ተጫዋቾቹን የሚቀበል አውቶቡስ ቆሞ ነበር። ከአውቶቡሱ ኋላ አንድ ላንድሮቨር ነበር። ሞሲሳ ላንድሮቨሩ ላይ ወጡ። ወይዘሮ ተናኜ ሊቀበሏቸው በአጥሩ በኩል ቆመው ስለነበር አይተዋቸዋል። ሞሲሳ እጃቸውን ከመኪናው አውጥተው ሻርቡን ለአንድ የቡድኑ ተጫዋች ሲሰጡም አይተዋል።

የታሰሩት ዘጠኝ ወር ነው። ጥያቄው ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አንድ ነበር፤ ገብረእዝጊ እንደሚቀር ያውቁ ነበር ወይ? መልሳቸውም አንድ ነበር። "አላውቅም ነበር። ቁርስ ላይ ነው የጠፋብን።" ያወቀ ማን ነው? እናቱስ ታውቃለች? ሲሏቸውም "እኔ ካላወቅኩ እናቱ ከየት ታውቃለች?" ይሉ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ተዘቅዝቆ የውስጥ እግሩን ይገረፍ እንደነበር ለዚህ ጉባኤ መናገር አያስፈልግም። ሞሲሳንም እንዲሁ አደረጓቸው። ከሦስት ጊዜ በላይ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ ግን አልነገሩንም።

አቶ አያሌው አንድ ቀን ተጠርተው ቃላቸውን ሰጡ። የፈረሙለት ሰው ስለተመለሰ ማንም አልነካቸውም። በዚያው ምሽት ወደ ቤታቸው ገብተው ራታቸውን ከልጆቻቸው ጋር በሉ።

ስንቅ የምናመላልሰው እናቴ ወይዘሮ አሰጋሽ እና እኔ ነበርን። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ይህ ጽሑፍ "እኔ" የሚል ቃል አይፈቅድም፤ በዚህ ስፍራ ስላልኩት ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምግቡን እንሰጣለን፤ ባዶው ሳህን ተመልሶ ሲመጣ በሕይወት አሉ ማለት ነው። በሁለተኛው ወር ከሳህኑ ጋር ቁራጭ ወረቀት መጣ። "ካልሲ አትላኩ። ሰፊ ነጠላ ጫማ ካለ ላኩልኝ" ይላል። እናቴና እኔ ነገሩ ሳይገባን ሾላ ሄደን ትልቁን ቁጥር ገዛን። እግራቸው ከግርፋቱ የተነሣ አብጦ እንደነበር ያወቅነው ሲፈቱ ነው።

መጋቢት 11 ቀን 1975 ዓ.ም. ተፈቱ። በዚያ ነጠላ ጫማ፣ በእግራቸው ጠርዝ እየረገጡ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ቤት መጡ። በሩ ላይ አቶ አያሌው የሞሲሳን እግር አይተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ለረጅም ጊዜም አልወጡም።

በሦስተኛው ቀን ሞሲሳ ሾላ ገበያ ወደ ወይዘሮ ብርኽቲ ሄዱ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ክንዳቸውን ይዛ አብራቸው ነበረች። ወይዘሮ ብርኽቲ በርበሬ እየሰፈሩ ነበር። ቀና ብለው አዩዋቸውና "ልጄን ይዘህ ሄደህ ብቻህን መጣህ" አሉ።

"እውነት ነው፣ እማማ።"

"የት አደረግከው?"

"አላውቅም።"

"ሸጥከው ነው የሚሉት። ሸጦት ነው የተፈታው ይላሉ።"

ገበያተኛው ሁሉ ይሰማ ነበር። ሞሲሳ እንደገና "አላውቅም፣ እማማ" ብለው ቆሙ። ወይዘሮ ብርኽቲ ፊታቸውን አዞሩ።

ይህ ወሬ በሰፈሩም በፋብሪካውም ለዓመታት ተወርቷል። አንዳንዱ አቶ ገብረእዝጊ ናይሮቢ ተገድለዋል ይል ነበር፤ አንዳንዱ ሞሲሳ ጠቁመዋቸዋል ይል ነበር። ሞሲሳ አንዱንም አላስተባበሉም። ዛሬ እዚህ ከተገኛችሁት መካከልም ያን ወሬ ያወራችሁ ትኖራላችሁ። ይህ የተጻፈው ለወቀሳ አይደለም፤ ሁላችንም አናውቅም ነበር።

ፋብሪካው ወደ ሥራ መለሳቸው፤ ነገር ግን ቆመው ቆዳ መስቀል ስላልቻሉ መጋዘን ተመደቡ። ጥቅምት 1976 ዓ.ም. አቶ አብዱልገኒ አንድ ጨዋታ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ተቀይረው እንዲገቡ ጠየቋቸው። ሲገቡ ሜዳው ሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበላቸው። ሰባት ደቂቃ ያህል እንደተጫወቱ ኳስ ከግራ በኩል ተሻገረች። እንደ ድሮው የምትወድቅበት ቦታ ላይ ቀድመው ደርሰው ነበር። ግራ እግራቸውን ሲያነሡ ቀኙ ሰውነታቸውን መሸከም አልቻለም። ወደቁ፤ ኳሷም በአጠገባቸው አለፈች። ተነሥተው በራሳቸው ፈቃድ ከሜዳ ወጡ። ማሊያቸውን አውልቀው አጥፈው ለአቶ አብዱልገኒ ሰጧቸውና "ጋሼ፣ ይበቃል" አሉ። አቶ አብዱልገኒ "ያን ቀን ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ባላስገባው ኖሮ እንደ ድሮው ሆኖ ይታወስ ነበር" ይላሉ። ሞሲሳ ግን "ጥሩ አደረጉ፤ ባልሞክረው ሌሊት ሌሊት እጫወት ነበር" ይሏቸው ነበር።

የወይዘሮ ተናኜ ቤተሰብ እጮኝነቱ እንዲፈርስ ፈልገው ነበር። ወይዘሮ ተናኜ "እኔ የታጨሁት ለኳሱ አይደለም" ብለው አባታቸውን መለሱ። ጥር 14 ቀን 1976 ዓ.ም. ተጋቡ። በ1977 ዓ.ም. ምንትዋብ፣ በ1980 ዓ.ም. በዳሳ ተወለዱላቸው። ኑሯቸውን በእናታቸው ይዞታ ገርጂ መሠረቱ።

አቶ ሞሲሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናብ ሆነ ፀሐይ፣ ሾላ ገበያ ይሄዱ ነበር። የወይዘሮ ብርኽቲን የበርበሬ ጆንያ ከጋሪው አውርደው ወደ መደባቸው ያስገባሉ፤ ሰላምታ ሰጥተው ይሄዳሉ። ወይዘሮ ብርኽቲ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታቸውን አልመለሱም። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ሞሲሳ ሲያነክሱ አይተው "ተቀመጥ" አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ተቀምጠው ሻይ መጠጣት ጀመሩ፤ ስለ ገብረእዝጊ ግን አይነጋገሩም። በ1978 ዓ.ም. ፊርማ የሌለው አንድ ቁራጭ ደብዳቤ በሰው እጅ ደረሰና ልጃቸው በሕይወት መኖሩን ወይዘሮ ብርኽቲ አወቁ። በቀጣዩ ቅዳሜ "ሞሲሳ፣ ታውቅ ነበር?" ብለው ጠየቋቸው። "አላውቅም ነበር፣ እማማ" አሏቸው። ወይዘሮ ብርኽቲ ዛሬ ስለዚያ ቀን ሲናገሩ "ዓይኔን እያየ ዋሸኝ። ያኔ ነው መጠርጠር የጀመርኩት" ይላሉ።

ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ የአቶ ሞሲሳ ፊትና እግር ያብጥ ጀመር። ሐኪሞች ኩላሊታቸው ከቆየ ጉዳት የተነሣ እየደከመ መሆኑን ነገሯቸው። በሥራቸው ላይ እያሉ ሁለት ዓመት ታገሉ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሆስፒታል ሲገቡ ከተማው በሌላ ነገር ተይዞ ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ እሳቸው አልጋ ላይ ሆነው በመስኮት ተኩስ ይሰሙ ነበር።

ሐምሌ 28 ቀን ወይዘሮ ብርኽቲ ወደ ሆስፒታሉ መጡ። ከናይሮቢ የመጣ መንገደኛ ደብዳቤ አድርሷቸው ነበር፤ በዚህ ጊዜ ፊርማ አለው። ማንበብ ስለማይችሉ ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሰጧት፤ በአልጋው አጠገብ ቆማ ድምፅ አውጥታ አነበበች። አቶ ገብረእዝጊ ለእናታቸው እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦

"እናቴ፣ ሞሲሳን የሚወቅስ ሰው ካለ ይህንን አስነብቢለት። እንደምቀር ነግሬዋለሁ። ለእኔ የፈረመው እሱ ነው። ብመለስ እኔ እንደምሞት፣ ብቀር እሱ እንደሚታሰር ያውቅ ነበር። አብረን እንቅር አልኩት፤ ለአያሌው ሲል እምቢ አለኝ። እኔን ግን ተመለስ አላለኝም። ኮቱን ሰጠኝ። ዛሬ ሚስትና ልጅ ያለኝ በእሱ ነው። መስከረም ሲጠባ እመጣለሁ፤ ከአንቺ ቀጥዬ የማየው እሱን ነው።"

አንብባ ጨረሰች። ወይዘሮ ብርኽቲ ወደ አልጋው ግርጌ ሄደው ብርድ ልብሱን ገለጡና የሞሲሳን የውስጥ እግር ሳሙ።

"ይተዉ እማማ፤ ሰው ያያል" አሉ ሞሲሳ።

"የሰደብኩህ በሰው ፊት ነው" አሉ ወይዘሮ ብርኽቲ። "የምስምህም በሰው ፊት ነው።"

በማግስቱ አቶ አያሌው መጡ። ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። "ለእኔ ብለህ ነው የተመለስከው?" ብለው ጠየቁ። ሞሲሳ "ተናኜም ነበረች እኮ፣ ጋሼ" አሏቸው።

"አትዋሽ" አሉ አቶ አያሌው።

"እሺ፣ ጋሼ" አሉ ሞሲሳ።

በእነዚያ ቀናት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለምን ለወይዘሮ ብርኽቲ እንኳን እንዳልነገሩ ጠይቃቸው ነበር። "ብነግራት ታውቃለች። የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይጠየቃል" ብለው መለሱ። በገብረእዝጊ አዝነው ያውቁ እንደሆነም ጠየቀቻቸው። "ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀይሜው ነበር። ኋላ ራሱ ለቀቀኝ" አሏት። አጎታችን ከሰው የተለዩ አልነበሩም፤ እንደማንኛችንም ይናደዱ፣ ይቆጩ ነበር። አውሮፕላን ገርጂ ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ከቤት የማይወጡበት ጊዜም ነበር።

አቶ ሞሲሳ በዳሳ ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በሠላሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ዛሬ በተወለዱበት በገርጂ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። አቶ ገብረእዝጊ በመስከረም ሲመጡ የሚያገኙት መቃብራቸውን ነው፤ ይህንን የሚነግራቸው ደብዳቤ ትናንት ተልኳል።

አቶ ሞሲሳ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ተናኜ ዓለምሰገድ፣ ከልጆቻቸው ከምንትዋብና ከበዳሳ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ደሪቱ ቶላ፣ ከእህታቸው ከወይዘሮ አሰጋሽ፣ ከአቶ አያሌው ቢተው እና እንደ ታላቅ ወንድም ካሳደጓቸው ስድስት የእህታቸው ልጆች ተለይተዋል።

ይህ ዝርዝር ትናንት ከሰዓት በኋላ በልቅሶው ቤት ሲነበብ ወይዘሮ ብርኽቲ ሐጎስ "እኔንም ጻፊኝ" አሉ። የት እንደሚጻፉ ሲጠየቁ "ከእናቱ ጎን" አሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ወደ ወይዘሮ ደሪቱ ዞራ አየች። ወይዘሮ ደሪቱ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው "ጻፊያት" አሉ። "ስምንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜውን የሰጠው ለእሷ ነው።"

ስለዚህ አቶ ሞሲሳ ከሁለተኛ እናታቸው ከወይዘሮ ብርኽቲ ሐጎስም ተለይተዋል።

የምሕረት አምላክ የደከሙ እግሮቻቸውን ድካም በሌለበት ስፍራ ያሳርፍ፤ ነፍሳቸውን ከጻድቃን ጋር ይቁጠር፤ ለሁለቱም እናቶቻቸው፣ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው የመጽናናትን ቀን ያምጣላቸው። አሜን።